የአራት ሰዓቷ ቤት

ጥር 6

ሦስት ቤት አሳየሁ፤ አንዱም አልተሸጠም። አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን ልጦታል። ከዚህ ሌላ ምንም የማይወራለት ቀን...

አንድ ደንበኛ ግን ጥሩ ነገር ጠየቀኝ። «ለመሆኑ ለምንድን ነው ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት የምትቀጥሪኝ?» ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ምን ልበለው? ቤት ሁሉ ሰዓት አለው ልበለው? በየቁልፋችን ላይ ትንሽ ካርቶን ተንጠልጥላለች፤ ቤቱ ለገዢ የሚታይበት ሰዓት ተጽፎባታል። የመንገድ ዳሩ ቤት ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የመኪናው ግርግር ጋብ ሲል። ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ዐሥር ሰዓት፣ ምድጃው ሲበርድ። ሰዓቶቹን የጻፉት ጋሼ ቁልፍ ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ። ባለፈው ዓመት ጡረታ ሲወጡ ቁልፎቹንም ሰዓቶቹንም አስረከቡኝ። የአንዳንዶቹን ምክንያት ነግረውኛል፣ የአንዳንዶቹን እኔም አልጠየቅሁም። እሳቸው ከጻፉት አበቃ።

ከሁሉ የምወዳት የአራት ሰዓቷን ነው። አንደኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ልክ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ በወጥ ቤቱ መስኮት ትገባና እስከ ሳሎኑ ወለል ትዘረጋለች። ዝም ያለች ቤት። ከኋላዋ ባዶ ሜዳ። «ክፍት ቦታ ነው፤ ፊታችሁን የሚጋርድ ሕንፃ አይመጣባችሁም። እነዚያ የብረት ቋሚዎች? የሠፈሩ ልብስ ማስጫ ናቸው» እላለሁ። ዛሬ ያሳየኋቸው ባልና ሚስት ወጥ ቤቱ ጠበበን ብለው ሄዱ። ደስ አለኝ። ሻጭ ሆኜ ሳይሸጥልኝ ሲቀር ደስ የሚለኝ ምን ነክቶኝ ነው?

እራት ላይ እማዬ «ምን ሆነሻል፣ ትስቂያለሽ» አለችኝ፤ በሹክሹክታ። እኛ ቤት ወሬ ሁሉ በሹክሹክታ ነው። አከራያችን ከግድግዳው ወዲያ ናቸው፤ ግድግዳ ከተባለ። በር ቀስ፣ ወንበር ቀስ፣ ሬዲዮ ቀስ። ሚስማር ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። የአባዬ ፎቶ ይኸው እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኑን ተደግፎ እንደ እንግዳ ቆሟል።


ጥር 9

የአራት ሰዓቷ ቤት ባለቤት ደወለ። ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል፣ ቶሎ መገላገል ይፈልጋል፣ ዋጋ ቀንሷል። ስልኩን ዘግቼ ባንክ ያለችኝን አሰብኩ። ከመጀመሪያዋ ኮሚሽኔ ጀምሮ ቁራጭ ቁራጭ እያደረግሁ ያስቀመጥኳት። ትበቃለች። ለጥቂት፣ ግን ትበቃለች።

ስንቱን ሰው ባለቤት አደረግሁ? ቁልፍ አስረክቤ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብዬ፣ ወደ ሹክሹክታዬ እመለሳለሁ። እኔስ?


ጥር 12

ለደንበኞቼ የምሰብከውን ለራሴ ሰበክሁ። «የመጀመሪያ ቤትህን አትግባበት፣ አከራየው፤ ኪራዩ ሁለተኛውን ይወልድልሃል።» እንዲህ ብዬ ስንቱን አሳምኛለሁ። እኛ በርካሿ ክፍላችን እንቆያለን። ጥቂት ዓመት ነው... እስካሁን ካሳለፍነው አይበልጥም።

ቢሮ ውስጥ ለማንም ትንፍሽ አልልም። የቤት ሻጭ ቤት ሲገዛ ጣጣው ብዙ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ጥሩ ጥሩውን ለራሷ ታስቀራለች» ሊል ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ሻጭ፣ ማር ምላስ የምንለው፣ ጋብዢን እያለ ዓመት ሙሉ ሊነዘንዘኝ ነው። ውሉ በእማዬ ስም ይሁን። ቢሯችን ውስጥ የእማዬን ስም የሚያውቅ የለም።


ጥር 15

ለእማዬ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየች። ልትጮህ ነበር መሰለኝ፤ ግድግዳውን አየችና ዋጠችው።

«የእኛ?» አለች በሹክሹክታ።

«የእኛ። በስምሽ።»

«መቼ ነው የምንገባው?»

አስረዳኋት። ኪራዩን፣ ሁለተኛውን ቤት፣ ጥቂት ዓመት መታገሡን... ልክ ለደንበኛ እንደማስረዳው፣ እጄን ሳይቀር እያወናጨፍኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም።

«ይሁን» አለች። «አንቺ ታውቂያለሽ። ለሚከራዩት ሰዎች ግን ሚስማር መምታት ትችላላችሁ በያቸው። አደራ።»


ጥር 19

ዛሬ ጉድ ሠራሁ። የአራት ሰዓቷን ቤት ሌላ ሰው ሊያያት መጣ፤ እምቢ ብል ቢሮው ይነቃብኛል። አሳየሁት። ወደዳት! በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት አማሁ።

«ወጥ ቤቷ ትጠባለች» አልኩት።

«ለእኔ ትበቃለች።»

«ደረጃው አይከብድዎትም?»

«አንድ ፎቅ ምን አለው?»

«የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ቀለሙም ረገፍ ረገፍ ብሏል። ከሥር ግድግዳው ላይ እርጥበት ሳይኖር አይቀርም፣ ክብ ክብ ነገር አለ...»

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እህቴ፣ ይህን ሥራ ብትተይው ይሻላል» ብሎ ሄደ። ደረጃው ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። የማውቀውን ጉድለት ሁሉ ዘረዘርኩለት፤ የቀረ የለም።


ጥር 28

ተፈራረምን። ተመስገን! እማዬ ስትፈርም ምላሷን በጥርሷ ያዝ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ። ቤቱን ሳታይ ነው የፈረመችው። «መጀመሪያ ላሳይሽ» ብላት «አንቺ አይተሽው የለም እንዴ? ሥራሽ አይደል?» አለችኝ።

ገዢ ሆኜ ኮሚሽን ከፈልኩ፣ ሻጭ ሆኜ ድርሻዬን ተቀበልኩ። ከኪሴ ወጥቶ ወደ ኪሴ ተመለሰ፤ መሐል ላይ ቢሮው ቆነጠረልኝ እንጂ።

ማር ምላስ ሰምቶ መጣ። «የአራት ሰዓቷን ሸጥሻት? ለማን?»

«ለአንዲት እናት።»

«ጆሯቸው ደህና ነው?» ብሎ ሳቀ። ሒሳብ ሠራተኛዋም ከጀርባው ሳቀች። አልገባኝም። ሰውዬው ሲቀልድ መቼ ገብቶኝ ያውቃል? ቅናት ነው ብዬ ተውኩት።


የካቲት 3

ልናደድ ወይስ ልሳቅ? አላውቅም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ቀለም ቀቢው በጠዋት መጣ። ከበረንዳው ሥር ያሉትን ክብ ክብ ምልክቶች አሳየሁት፤ ቀባቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ጨርሶ ሄደ። እኔ የመጋረጃ ልክ ልወስድ ቀረሁ። ጫማዬን አውልቄ ባዶው ወለል ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ወለሉ የእኛ። ጣሪያው የእኛ። ጥጉ ላይ ያለችው ስንጥቅ እንኳ የእኛ። «ተመስገን!» አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚቆጣኝ ሰው ጠበቅሁ። ማንም የለም። እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ድው!

ብድግ አልኩ። ግድግዳው ነው። ድው! ድው! ቤቱ እየፈረሰ ነው ብዬ በባዶ እግሬ ወደ በረንዳው ሮጥኩ። ከዚያ ጩኸቱ... ያ ባዶ ሜዳ፣ ያ «ክፍት ቦታ»፣ በልጆች ጢም ብሏል። ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የኋላ በሩን ከፍቶ ለቅቋቸዋል። በልብስ ማስጫዬ መሐል አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። በረኛ ነው። ጎል ነው! ስንቱን ሰው ልብስ ማስጫ ነው ብያለሁ?

ከበረንዳችን ሥር ያለው ግድግዳ ደግሞ ሜዳው ላይ ተራ ያልደረሳቸው ናቸው የያዙት። ተራ በተራ ኳስ ይለጉበታል። አዲሱ ቀለም ላይ ክብ፣ ክብ፣ ክብ።

እስኪመሽ ተቀመጥኩ። እነሱም እስኪመሽ አልሄዱም።


የካቲት 4

ዛሬም ሄድኩ፤ ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሜዳው የእነሱ ነው።

እኔ እኮ ከሰዓት በኋላ እዚያ ቤት ገብቼ አላውቅም። አንድም ቀን! ከሰዓት በኋላ የማሳየው የሌላ ሰዓት ቤት አለኛ። ሌላ ገዢ ቢሆን ይመላለሳል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ በምሽት ያያል። እኔ ግን ቤት ዐዋቂ ነኝ... ለገዢ በተመረጠ ሰዓት ገብቼ፣ እንደ ገዢ አፌን ከፍቼ ወደድኩ። ስብከቴን ሰብኬ ራሴን አሳመንኩ። ጎበዝ ሻጭ ነኝ ለካ!

የዚያን ዕለቱ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ጉድለት ስዘረዝርለት ዋናውን አልነገርኩትም። አላውቀውማ።


የካቲት 6

ጋሼ ቁልፍ ቤት ሄድኩ። ልጣላቸው ነበር የሄድኩት። በሩን ከፈቱ፣ ፊታቸው በራ፣ ወንበር ሳቡልኝ፣ ውኃ አመጡልኝ... ግማሹ ቁጣዬ እዚያው ቀረ።

«ጋሼ፣ የአራት ሰዓቷ ቤት ለምንድን ነው አራት ሰዓት የሆነችው?»

«ልጆቹ ከስምንት ጀምሮ ስለሚወጡ ነዋ። ምነው?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አራት ሰዓት ብዬ ጽፌልሽ የለም እንዴ?»

«ለፀሐይዋ መስሎኝ!»

«ፀሐይዋማ ምርቃት ናት።» ከዚያ ፊቴን ትኩር ብለው አዩት። ሽማግሌው የሰው ሐሳብ ከፊቱ ላይ ያነባሉ፤ በዚህ ነው እንጀራ የበሉት። «አንቺ ልጅ... ገዢዋ አንቺ ነሽ እንዴ?»

አለቀስኩ። እሳቸው ሳቁ። ሳቃቸው አበሸቀኝ፤ ቆይቶ እኔንም አሳቀኝ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ እጅሽን ይዤ በዘጠኝ ሰዓት ነበር የምወስድሽ! ማር ምላስ ራሱ ይነግርሽ ነበር። እኔ ከነገርኩት ቆየሁ፤ ቢሮው በሙሉ ያውቃል። ለገዢ አይነገርም እንጂ። አንቺ ደግሞ ከእኛ ተደብቀሽ ገዢ ሆንሽ። ምን እናድርግሽ?»

እውነታቸውን ነው። እንደ ገዢ ተደበቅሁ፣ እንደ ገዢ ተደበቀብኝ። ያ የጆሮ ቀልድም አሁን ገባኝ።

ሲሸኙኝ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ። «ቤቷ ጥሩ ናት፣ ግድግዳዋም ጠንካራ ነው። አትጨነቂ። አራት ሰዓት ላይ አሳይተሽ አከራዪያትና ተገላገይ።» የሚያውቁትን ነው የሰጡኝ። እዚህ ያደረሰኝም ያው የሚያውቁት ነው፤ አመሰግናቸዋለሁ። ግን... አራት ሰዓት ላይ?


የካቲት 8

መልሼ ልሽጣት? ለሚያውቅ ሰው ብሸጥ ግማሹ ገንዘቤ ሜዳ ላይ ቀረ። ለማያውቅ ሰው ደግሞ... በአራት ሰዓት ነው የሚሸጠው። ከኪራዩም ከሽያጩም ፊት የቆመው አንድ ጥያቄ ነው፦ በስንት ሰዓት ላሳያት?

እማዬ «ቤታችን እንዴት ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። ስለ ሰው ነው የምትጠይቀው የሚመስለው።


የካቲት 12

አራት ሰዓት ላይ። አዎ፣ አደረግሁት፤ ለተከራዮች አሳየኋት።

ባልየው አናጺ ነው። ሚስትየዋ ገና ወር ያልሞላው ሕፃን ታቅፋለች። ፀሐይዋ በሰዓቷ መጣችና ተዘረጋች፤ ታማኝ ናት። ሚስትየዋ ሕፃኑን ይዛ ፀሐይዋ ውስጥ ገብታ ቆመች። «ስታምር! ዝምታዋስ!» አለች። ባልየው ቀብድ ሊሰጠኝ እዚያው እጁን ኪሱ ከተተ።

እጄን ዘረጋሁ? የዘረጋሁ ይመስለኛል። ሕፃኑ አዛጋ። ትንሽ አፍ... ይህ ልጅ ከሰዓት በኋላ ይተኛል አይደል?

«እስቲ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ እዩዋት» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም አላመንኩም።

«ምን ልዩነት አለው?» አለ ባልየው።

«አለው።»


የካቲት 13

መጡ። ድው አለ። ሕፃኑ ነቅቶ ቤቱን በለቅሶ አናጋው። ሚስትየዋ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ባልየው ግን መሐል ደረጃ ላይ ዞሮ ተመለሰ፤ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ገብተንበት ነበር» አለ።

ቤቴን ባዶ አስቀርቶ የሄደ ሰው አመሰገነኝ፤ እኔም እስክተኛ ድረስ ቅልል ብሎኝ አመሸሁ። ሞኝነት ነው? ይሆናል።


የካቲት 19

ለሌሎች ሰዎችም በዘጠኝ ሰዓት አሳየኋት። ሁሉም ሄዱ። ቤቱ እየተቀመጠ የትርጉም ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፤ በረንዳው ድረስ እንኳ አልደረሰም። በሩ ላይ ቆሞ ሰማ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ፣ ወረደ።


የካቲት 22

ቢሮው ደረሰበት። ጋሼ ቁልፍ ናቸው የነገሯቸው፤ አፋቸውም እንደ ቁልፎቻቸው ይንሿሿል። ማር ምላስ ወንበሩ ላይ ተገልብጦ ሳቀ። «ጆሯቸው ደህና ነው ወይ ብዬሽ ነበር እኮ! ጠይቄሻለሁ!» ሒሳብ ሠራተኛዋ ዕንባዋን እየጠረገች። ስቀው ሲወጣላቸው ማር ምላስ ወፍራም መጋረጃ በርካሽ የሚሸጥ ዘመዱ ጋ ደወለልኝ። እሷ ደግሞ ከመሳቢያዋ የጆሮ መድፈኛ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ባሏ ያንኮራፋል።

ሥራ አስኪያጁ ብቻ አልሳቀም። «ለምን ደበቅሽኝ?» አለ። ቅር ብሎታል። «ለራሴ ሠራተኛ ኮሚሽኑን እተውልሽ ነበር።»

ወይ ጉድ! እነዚህን ሰዎች ነው የፈራኋቸው።


የካቲት 27

እማዬ «እስቲ ቤቱን አሳይኝ» አለች። በስሟ ያለውን ቤት አታውቀውም! ሰበብ ስፈልግ ነው የከረምኩት።

«እሺ፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ እንሂድ» አልኳት።

ያልኩትን ሰማሁት። ለእናቴም! ለእናቴም ሰዓት መረጥኩላት! ፊቴ ጋለ። የምትሰፋውን ልብስ እያየች ስለነበር አላየችኝም።

«አይ» አልኩ። «ዘጠኝ ሰዓት ይሁን።»


የካቲት 28

ደረጃውን ክንዴን ይዛ ወጣች። በሩን ራሷ ከፈተች። ገና እግሯ ሳሎን ከመግባቱ፣ ድው!

«ምንድን ነው?»

«ኳስ ነው፣ እማዬ። በየቀኑ ነው፣ እስኪመሽ። ማንም አልተከራየውም። ተሞኘሁ...» ሁሉንም ነገርኳት። በሹክሹክታ ነበር ለካ፣ በልማድ።

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም!»

ደግሜ ነገርኳት።

«አልሰማሁሽም እኮ ነው የምልሽ! ጮክ በይ!»

ጮክ አልኩ። እሷም ጮክ አለች። እናትና ልጅ ባዶ ሳሎን መሐል ቆመን ተጯጯህን። ጥፋቴን እየጮህኩ መናገር እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። ስጨርስ ወደ በረንዳው ወጣች።

ሜዳውን አየች። ወዲያው አንድ ኳስ ከታች ተስቶ መጣና በረንዳው ውስጥ ገባ፤ ዘሎ ዘሎ እግሯ ሥር ቆመ። ታች ያሉት ልጆች ጸጥ አሉ። ከሰዓት በኋላ ያ ሜዳ ጸጥ ሲል የመጀመሪያዬ ነው። ኳስ የሚቀማ ጎረቤት ያውቃሉ መሰለኝ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ።

እማዬ ኳሱን አነሣች። በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችው።

«ወራጅ አለ!»

ጌታዬ! ያ ድምፅ! በወጣትነቷ አውቶቡስ ላይ ትኬት ትቆርጥ ነበር፤ አባዬ ሹፌር፣ እሷ ቆራጭ። ከኋላ በር ሆና ስትጠራ ሞተሩን አልፎ እሱ ጆሮ የሚደርስ ድምፅ ነበራት። በልጅነቴ ሞተሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማው ያደግሁት። ያቺ የኪራይ ክፍል ከገባን ወዲህ ግን ሰምቼው አላውቅም። አርጅቶ የጠፋ መስሎኝ ነበር... ለካ እዚያው ነበር።

ኳሱ ወረደ። ልጆቹ አጨበጨቡ። «ወራጅ አለ!» ብለው በአንድ ድምፅ መለሱላት። እማዬ የበረንዳውን ብረት ይዛ ወገቧ እስኪታጠፍ ሳቀች። እኔ መጋረጃ የሌለው መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት፣ ማን ይሰማኛል?

ስንወርድ «ተከራይ አልተገኘም አልሽኝ?» አለች።

«አልተገኘም።»

እስከ መጨረሻው ደረጃ ስታንጎራጉር ሰማኋት።


መጋቢት 1

አንዲት ደንበኛ መጥታ «ያጠራቀምኩት ይኸው ነው፣ ቤቱም ይኸው ነው፣ ልግባበት ወይስ ልጠብቅ?» ብትለኝ ምን እላት ነበር? «ጠብቂ። ኪራይ ቀንሰሽ አከራዪው፣ ቀስ እያለ ይወልዳል።» ትክክለኛው ምክር ነው። አሁንም ቢሆን ትክክል ነው።

እማዬ ልብስ ስታጣጥፍ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እንግባበት?» አልኳት በሹክሹክታ።

እጇ ቆመ። «መቼ?» አለች፣ ልክ ያን ዕለት እንዳለችው።


መጋቢት 5

ለአከራያችን ነገርናቸው። አለቀሱ! «እንደናንተ ኮሽ የማይል ተከራይ ከየት አገኛለሁ?» አሉ። እማዬ እጃቸውን ይዛ ስታጽናናቸው ዋለች።

ክፉ ሴት አልነበሩም። ስንት ዓመት ኪራይ አልጨመሩብንም፤ ሁሉም ሲጨምር። ያ ያልጨመሩት ነው ባንክ ገብቶ ቤት የሆነው። እኛ ዝም አልንላቸው፣ እሳቸው በርካሽ አኖሩን። ይህን ዛሬ ስነግራቸው ጭራሽ ባሰባቸው፤ እኔንም ይዘውኝ አለቀሱ።


መጋቢት 7

አናጺው ደወለ። «ያቺ በዘጠኝ ሰዓት የቀጠረችን እህት ነሽ? ቤት እንድትፈልጊልን ነው። ጸጥ ያለ።» አንድ ቤት አሳየኋቸው፣ ሁለት ጊዜ፤ አንዴ በደግ ሰዓቱ፣ አንዴ በክፉ ሰዓቱ። የዚህኛው ክፉ ሰዓት ማለዳ ነው፣ የቆሻሻ መኪና ያልፋል። «ይቻላል፣ ልጁም ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ይነቃል» አሉና ወሰዱት። ሕፃኑ ሙሉውን ጊዜ ተኝቶ ነበር።

ካርቶኖቹ ላይ ከጋሼ ሰዓት ሥር ሁለተኛ ሰዓት መጻፍ ጀምሬያለሁ። ሥራ አስኪያጁ አይቶ «ልታከስሪኝ ነው» አለ። ካርቶኗን ግን መልሶ ሰቀላት።


መጋቢት 9

ገባን። ጋሼ ቁልፍ መጡ፤ ሸክም ባይችሉም በር ላይ ቆመው «ቀኝ! ግራ! ቀስ!» ይላሉ። ማር ምላስ ፍራሽ ተሸክሞ ደረጃ ወጣ፣ እየወጣም ግብዣዬ የታለ ይላል። ጋበዝኩት። ሁሉንም ጋበዝኳቸው። ልጆቹም ከታች ነበሩ፤ አንድ ኳስ ወጣ፣ ማር ምላስ ሊወረውር ሲያነሣ «የሳቸው ነው! የሳቸው ነው!» ብለው ጮኹበት። ኳሱን ለእማዬ አስረከበ።


መጋቢት 11

አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ መጣች። ጠዋት ሥራ አልገባሁም ነበር፤ እማዬ ወንበሯን ወደ ፀሐይዋ ሳበች። ሳበችው፣ አላነሣችውም። ወለሉን እየፈገፈገ ሲንጓጓ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆየን። ማንም አላንኳኳም።

ሚስማር ገዝቼ ነበር። መዶሻ ግን የለንም፤ ኖሮንም አያውቅም። ከአናጺው ተውሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለስኩ። «ልምታልሽ?» አልኳት። «ወዲያ በይ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ምት ላይ እጇ ፈራ፤ ነካ ብቻ አደረገችው፣ እንደ ልማዷ። ዞራ አየችኝ። ከሥር ድው አለ። «እነሱ ይመታሉ አይደል?» አለች፤ ከዚያ ክንዷን አነሣች። ድው! ቀለሙ ረገፈ። ድው! ሚስማሩ ተጣመመ፣ ገባ። አባዬን ከወለሉ አንሥታ ሰቀለችው፤ መሪውን እንደያዘ፣ ፊቱ ወደ ሜዳው። በቀሚሷ ጫፍ መስተዋቱን ጠረገችለት። «በል፣ ደርሰናል» አለችው፣ በሙሉ ድምፅዋ።

መዶሻውን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ሌላ ሚስማር አነሣች። ከፎቶው ትንሽ ራቅ አድርጋ መታችው።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«እንዲሁ ነው» አለች።

ሁለተኛው ሚስማር ላይ እስካሁን ምንም አልተሰቀለም።